አሮጌዋን መኪና ለወርቃ መንገድ ስለ ማዘጋጀት
(በተማሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጥገና ኮሚቴው ስም የተነበበ ንግግር)



ለክረምቱ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት በስጦታ ያገኘናት አሮጌ ላንድ ክሩዘር ምን ትሁን የሚለው ጥያቄ በመኝታ ቤትም በምግብ አዳራሽም ሲያከራክረን ሰንብቷል። ከመካከላችን አንዳንዱ ጎማዋ ይተለቅ፥ ባሌስትራዋ ይነሣ፥ በፊቷ ላይ መጐተቻ፥ በጣራዋ ላይ የመብራት ረድፍ ይተከልላት ይላል። ሌላው ደግሞ አርጅታለችና ተሽጣ ገንዘቧ ለሌላ ሥራ ይዋል ይላል። ይህን ጉዳይ እንድናጠና የተመረጥን የኮሚቴው አባሎች ሁለቱንም ወገን ሰምተናል። ዛሬ ሐሳባችንን ከነምክንያቱ እናቀርባለን፤ ፍርዱም የእናንተ ነው።

በመጀመሪያ መንገዱን እናስብ። ከዲላ ተነሥቶ በይርጋ ጨፌ በኩል ወደ ሞያሌ የሚወርደው አስፋልት ለማንኛውም መኪና የተመቸ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከአስፋልቱ ተለይተን ወደ ገደብና ወደ ወርቃ ቀበሌዎች ስንገባ ነው። ያ አገር 2,000 ሜትር ግድም ከፍታ ያለው፥ ገደላገደሉ የበዛ፥ አፈሩም ቀይ ሸክላ ነው። ደረቅ ሲሆን እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ዝናብ ሲነካው ግን እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ዝናቡም በጌዴኦ በዓመት ሁለት ጊዜ ይበረታል፤ አንዱ በበልግ፥ ሁለተኛው ከክረምቱ ማብቂያ እስከ ጥቅምት ድረስ ነው። የወርቃ ስም በውጭ አገር ቡና ነጋዴዎች ዘንድ በጣዕሙ የታወቀ ሆኖ ሳለ፥ ያንኑ ቡና የሚለቅመው ገበሬ ሚስቱ ምጥ በያዛት ሌሊት በቃሬዛ ተሸክሞ እስከ መኪና መንገድ ድረስ በጭቃ ይጓዛል። ስለዚህ የመኪናይቱ ነገር የጌጥ ወይም የጨዋታ ነገር አይደለም።

«ትሸጥ» ለሚሉት ወንድሞቻችን እንመልስ። ዛሬ አሮጌ መኪና ሸጦ የተሻለ መግዛት እንደ ቀድሞው ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያረጁ አውቶሞቢሎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሏል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመለዋወጫ ዋጋ አብሮ ወጣ። እንግዲህ በእጃችን ያለውን አሮጌ ማደስ የድኻ ብልኀት ብቻ ሳይሆን የዘመኑ ግዴታ ሆኗል።

ደግሞስ እርጅና ሁልጊዜ ነውር ነውን? በአራቱም ጎማ የሚጐትቱት መኪናዎች የተፈጠሩት እንዲታደሱ ሆነው ነው። ላንድሮቨር በአምስተርዳም ትርዒት ላይ ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1948 ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት ስላነሰ አካሏ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ፤ በዚህም ምክንያት ገላዋ ሳይዝግ ሻንሲዋ ይዝጋል። ላንድ ክሩዘር የሚለው ስም ደግሞ በቶዮታ ዘንድ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። የእኛይቱ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከተሠሩት አንዷ ስትሆን፥ ባለ 6 ሲሊንደር፥ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር አላት። የናፍጣ ፖምፓዋ የሚሠራው በማርሽና በዘንግ እንጂ በኮምፒዩተር ትእዛዝ አይደለም። ስለዚህ በወርቃ ተራራ ላይ ብትቆም ቁልፍና ካቻቢቴ የያዘ አስተዋይ ሰው ሊያስነሣት ይችላል። ይህን የመሰለ ጠባይ ያላትን መኪና መሸጥ እናቱን ሸጦ ሞግዚት እንደ መቅጠር ይቈጠራል።

አሁን ደግሞ «ትታጠቅ» ወደሚሉት እንመለስ። እነርሱ የሚሹትን እኛም አይተን ደስ ይለናል፤ ነገር ግን ሒሳቡን እንሥራ። የጎማዋ ቁመት በ10 በመቶ ቢያድግ በየማርሹ ያላት የመጐተት ጉልበት በ9 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ፍሬኑም በዚያው መጠን ይደክማል፤ የዲፈረንሻሉ ዘንጎችም ላልታሰቡበት ሸክም ይጋለጣሉ። ከፍታው ራሱ ጉልበት ይቀማል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣልና። «እንግዲያው ቱርቦ እንግጠምላት» የሚል ይኖራል። ይህ ሞተር ያለ ቱርቦ እንዲሠራ የታቀደ ስለ ሆነ፥ ያለ ጥንቃቄ ቱርቦ ቢገጠምለትና ናፍጣው ቢጨመርለት ሙቀቱ በርትቶ ፒስተኑን ያቃጥላል፥ ቴስታታውን ይሰነጥቃል። ባሌስትራውን ከልክ በላይ ማንሣትም እንዲሁ ነው፤ ጥቂት ከፍታ ይገኛል፥ ነገር ግን ሰው የጫነች መኪና በጎን ባዘነበለ መንገድ ላይ ለመገልበጥ ትቀርባለች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፥ በእንዲህ ያለ ማሻሻል ያለውን ጤና ማጣት ይመጣል።

እኛ የምናቀርበው የሥራ ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፥ ሻንሲውና መሪው። ከሥሯ ገብቶ ሻንሲውን በመዶሻ ቀስ እያሉ መምታት ነው። ጤነኛ ብረት ጠርቶ ይጮኻል፤ የበሰበሰው ድምፁ የታፈነ ነው። የተሰነጠቀው ይበየዳል። የመሪው ቴስቲና የሚወዛወዝ ከሆነ ይለወጣል፤ በገደል አፋፍ ላይ የላላ መሪ ምሕረት የለውምና።

ሁለተኛ፥ ፍሬን። ከወርቃ መመለስ ማለት ቁልቁል መውረድ ማለት ነው። የኋላው የታምቡር ፍሬን ጭቃና ውሃ ሲገባበት መያዝ ይተዋል። ስለዚህ ሸራው፥ ጎማዎቹና ቱቦዎቹ በሙሉ አዲስ መሆን አለባቸው። ሾፌሩም ቁልቁለቱን በተጨማሪው የጉልበት ማርሽ ቀስ ብሎ እንዲወርድ ይሠልጥን፤ ያ ማርሽ ፍጥነቷን በግማሽ ያህል ቀንሶ ሞተሩ ራሱ እንዲይዛት ያደርጋል።

ሦስተኛ፥ ማቀዝቀዣውና ቺንጋው። ራዲያተሩ ከውስጥም ከውጭም ይታጠብ። የሞተሩ ታይሚንግ ቺንጋ መቼ እንደ ተለወጠ ማስረጃ ከሌለ ዛሬውኑ ይለወጥ። ይህ ቺንጋ በጉዞ ላይ ቢበጠስ ቫልቩ ከፒስተን ጋር ይጋጫል፤ በዚያን ጊዜ ወጪው የአንድ ቺንጋ ሳይሆን የአንድ ሞተር ይሆናል።

አራተኛ፥ የዲፈረንሻሉ መተንፈሻ። በጉዞ የጋለ ዲፈረንሻል በድንገት ወንዝ ውስጥ ሲገባ ይቀዘቅዛል፤ በውስጡ ያለው አየር ሲኮማተር ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባል። ከዚያ በኋላ ዘይቱ ማኪያቶ ይመስላል፤ ኩሽኔታውም ይበላል። መድኀኒቱ ርካሽ ነው፤ ከመተንፈሻው ላይ ቀጭን ቱቦ ቀጥሎ ወደ ሞተሩ ክፍል ከፍ አድርጎ ማሰር ነው። በእኛ አስተያየት ከማሻሻያ ሁሉ ብልጫ ያለው ይህ ነው።

አምስተኛ፥ ጎማ። ቁጥሩ የተለመደው 7.50 በ16 ይሁን፤ ጥርሱ ግን ለጭቃ የሚሆን ሰፊና ጥልቅ ይሁን። ጭቃ ላይ ነፋሱን መቀነስ ይጠቅማል፤ ካላማዳሪ ባለው ጎማ ግን ከልክ ካለፈ ጎማው በቸርኬው ላይ ተንሸራትቶ ቫልቩን ይቈርጠዋል። ለከባዱ ዝናብ የጎማ ሰንሰለት አንድ ጥንድ ይበቃል።

ስድስተኛ፥ መውጫ መሣሪያ። ውድ መጐተቻ ከመግዛት ይልቅ ሁለት ወፍራም ሳንቃ፥ አካፋ፥ ጠንካራ ክሪክና የመጐተቻ ገመድ ይያዝ። ገመድ ሲጐተት ሰው ሁሉ ከአጠገቡ ይራቅ፤ የተበጠሰ ገመድ ሰው ይገድላል። ሳንቃው የሚያስፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ። መኪና በተያዘች ቍጥር ከገበሬው አጥር ቅርንጫፍ እየቈረጡ ከጎማ ሥር መጣል ተለምዷል። እንግዳ ሆኖ ሄዶ የሰው ዛፍ መቍረጥ ለተማሪ ነውር ነው።

ስለ መለዋወጫ አሰባሰብም ጥቂት እንናገር። ከመካከላችን ለእረፍት አዲስ አበባ የሚሄዱ መርካቶ፥ ሶማሌ ተራና ምናለሽ ተራ ሊፈልጉ ይችላሉ። በባዶ እጅ ግን አይሂዱ። አሮጌውን ዕቃ አጥበው፥ የሻንሲውን ቍጥር በወረቀት ጽፈው ይውሰዱ። ኩሽኔታ ሲሆን በቀለበቱ ላይ የተቀረጸውን ቍጥር ያንብቡ፤ ያ ቍጥር በዓለም ሁሉ አንድ ስለ ሆነ የመኪናውን ስም መጥራት እንኳ አያስፈልግም። ከፈረሰች መኪና የተነቀለ በር፥ ባሌስትራ፥ የዲፈረንሻል ቤት ተመርምሮ ቢገዛ ጥሩ ነው። የፍሬን ጎማ፥ ቺንጋና የመሪ ቴስቲና ግን ያገለገለ አይገዛም። የላንድሮቨር ቡሎንና ዳዶ ይስማማል የሚል ሻጭ ቢመጣም አትመኑ፤ የድሮው ላንድሮቨር በኢንች፥ የእኛይቱ በሚሊሜትር የተለካ ነው፤ በግድ ቢገባ ጥርሱን ይበላዋል። ደረሰኝ የማይሰጥ፥ ከየት እንዳመጣው የማይናገር ሻጭ ካጋጠመ ይታለፍ። ከሌላ ሰው መኪና ላይ ተነቅሎ በተሰረቀ ስፖኪዮ የበጎ ፈቃድ ሥራ አይሠራም።

ከመንገድ ወጥቶ ለመዝናናት መንዳት ስለሚሹት ደግሞ አንድ ቃል እንጨምር። በሌላው ዓለም በረሓና ባዶ ሜዳ ያላቸው ሰዎች ይህን እንደ ስፖርት ይዘውታል፤ አንነቅፋቸውም። ጌዴኦ ግን ባዶ መሬት የለውም። ከመንገዱ ዳር አንድ እርምጃ ብትወጡ የረገጣችሁት የአንድ ሰው እንሰት ነው፤ እንሰት ደግሞ ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት የሚጠበቅ ተክል ነው። ከእንሰቱ በላይ ቡናው፥ ከቡናው በላይ ጥላ የሚሰጠው ትልቅ ዛፍ ተደራርበው የሚኖሩበት ይህ አገር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። እኛ ከሌሎች በፊት ልናከብረው ይገባናል።

በመጨረሻ ከመኪናይቱ የሚበልጥ ነገር አለ። ባሌስትራ፥ ካምቢዮ፥ ፍሪሲዮን፥ ካላማዳሪ፥ ጎሚስታ የምንላቸው ቃሎች ሁሉ ከጣሊያንኛ ወደ ጋራዦቻችን የገቡ ናቸው። ዕውቀቱን ይዘው ከአባት ወደ ልጅ፥ ከጌታ ወደ ረዳት ያስተላለፉት ግን መጽሐፍ ያልተጻፈላቸው የአገራችን መካኒኮች ናቸው። አገራችን ቀጥቃጭ፥ ፋቂ እያለች የእጅ ሙያተኛን ስትንቅ የኖረች አገር ናት። እኛስ ተምረናል የምንለው ከዚያ ንቀት ወጥተናልን? እጁ በግራሶ የጠቈረ ሰው በግቢያችን ሲያልፍ አቀማመጣችንን የምናይ ራሳችን እንመስክር። የሞተርን ሙቀት በቀመር ጽፈን ፈተና ያለፍን ልጆች፥ ያንኑ ሙቀት በእጁ መዳፍ የሚለካውን ሰው ቁጭ ብለን ካልጠየቅነው ትምህርታችን ግማሽ ነው።

ስለዚህ ኮሚቴያችን ሦስት ነገር እንድትወስኑ ይለምናል። አንደኛ፥ መኪናይቱ አትሸጥ፤ ለጌጥም ገንዘብ አይውጣባት፤ በተናገርነው ቅደም ተከተል ትታደስ። ሁለተኛ፥ የከተማው መካኒኮች በየቅዳሜው አስተማሪ ሆነው እንዲመጡ በአክብሮት ይጋበዙ፤ ለድካማቸውም ተገቢው ይከፈላቸው፤ የሚነግሩንም በደብተር ተጽፎ ለሚቀጥሉት ተማሪዎች ይቀመጥ። ሦስተኛ፥ ዓመታዊ ምርመራውን አልፋ ቦሎ እስክትለጥፍ ድረስ አንድም ሰው ጭና ከግቢ አትውጣ።

መኪናይቱ አምቡላንስ አይደለችም፤ መንገድም አትሠራም። ቢሆንም ክረምቱ ሲመጣ ደብተርና መድኀኒት ይዛ ወርቃ መድረስ፥ ስትመለስም የታመመ ሰው ይዛ በደኅና ዲላ መግባት ትችላለች። በፍሬኑ ላይ የምናወጣው ብር ለዚያ ሰው ነው። ድምፅ ስትሰጡ ከኋላው ወንበር የሚቀመጠውን እንድታስቡት እንለምናለን።