ብዥ ያለው ዲስኩ ነው ወይስ ፊልሙ?

በወርኃዊው የፊልምና የቡና ፕሮግራማችን ላይ የቀረበ ንግግር



ባለፈው ወር በዚሁ አዳራሽ ያየነው ፊልም ብዙ አነጋግሮናል። ከፊሎቻችን እያለቀስን ወጣን። ከፊሎቻችን መጨረሻውን ሳናይ ነጠላችንን አጣፍተን ሄድን። ጥቂቶቻችን ደግሞ በማግስቱ ለኮሚቴው «በማኅበር ገንዘብ የተበላሸ ሲዲ ተገዛ» ብለን ቅሬታ አቀረብን። ፕሮግራሙን የምናሰናዳው እኛ ሦስታችን ቅሬታውን እንደሰማን ዲስኩን ወስደን ሁለት ጊዜ ደግመን አየነው፤ አንዴ በፕሮጀክተሩ፣ አንዴ በቤት ቴሌቪዥን። ገንዘቡ የሁላችንም ነው፤ ፕሮጀክተሩም የተሰጠን ነው። ስለዚህ መልስ ይዘን መቅረብ ግዴታችን ነው።

መጀመሪያ ፊልሙን ላላያችሁትና መሀል ላይ ለወጣችሁት ታሪኩን እናስታውሳችሁ። ርዕሱ «ዳንሰር ኢን ዘ ዳርክ» ነው፤ በእኛ አነጋገር «በጨለማ የምትደንሰው» እንደማለት። የዴንማርኩ ዳይሬክተር ላርስ ፎን ትሪየር እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ሲሆን በዚያው ዓመት በፈረንሳይ የካን ፌስቲቫል ዋናውን ሽልማት፣ ፓልም ዶርን፣ አግኝቷል። ዋናዋን ገጸ ባሕርይ የምትጫወተው የአይስላንዷ ዘፋኝ ቢዮርክም በዚያው መድረክ የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ወስዳለች። ሙዚቃውን የሠራችው እሷው ናት።

ሰልማ ከቼኮስሎቫኪያ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ዋሽንግተን ግዛት፣ የተሰደደች እናት ናት። ዘመኑ 1960ዎቹ ነው። የዕቃ ማጠቢያ ሲንክ በሚያመርት ፋብሪካ ትሠራለች፤ ቤቷ ስትገባ ደግሞ የፀጉር ፒን በካርቶን ላይ እየሰካች ተጨማሪ ሳንቲም ትለቅማለች። ዓይኗ በዘር በሚተላለፍ በሽታ እየጠፋ ነው። ልጇም ያው በሽታ አለበት፤ እሱ ግን በጊዜ ቀዶ ሕክምና ካገኘ ይድናል። የሠራችውን ሁሉ ኩሽናዋ ውስጥ በቆርቆሮ ጣሳ የምታስቀምጠው ለዚህ ነው። ለማንም አልነገረችም። ሰው ሲጠይቃት አገር ቤት ላለ አባቷ እንደምትልክ ታወራለች።

የምትኖረው በአንድ ፖሊስ ግቢ ውስጥ ነው። ፖሊሱ አንድ ምሽት መጥቶ ዕዳ እንዳነቀው፣ ለሚስቱም መንገር እንዳልቻለ ያጫውታታል። እሷም አዝናለት የራሷን ምሥጢር ትነግረዋለች። ሌላ ምሽት ደህና እደሪ ብሏት በሩን ከፍቶ ይዘጋና ሳይወጣ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ቆሞ ይቀራል። ሰልማ አታየውም። ሄዷል ብላ ጣሳዋን ስታወጣ ቦታውን ያያል። እዚህ ላይ ከኋላ የተቀመጡ እናታችን «ዘወር በይ አንቺ!» ብለው የጮኹትን የሰማ ሁሉ ያስታውሳል።

ገንዘቡን ሰረቃት። ልታስመልስ ሄደች። ሽጉጡ ወጣ፣ ትግል ሆነ፤ ሰውዬው ቆሰለና ራሱ ግደይኝ እያለ ለመናት። ገደለችው። ፍርዱ ስቅላት ሆነ።

ይህ ታሪክ እንግዲህ የወንጀል ፊልም ነው። ነገር ግን መሀሉ ላይ ሰዎች ተነሥተው ይዘፍናሉ፣ ይደንሳሉ። «ይህ ምን የሚሉት ቅይጥ ነው?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። እኛም መጀመሪያ ግራ ገብቶን ነበር፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ አንድም የሙዚቃ ትርዒት ሳይመጣ ቆይቶ በድንገት ፋብሪካው በሙሉ ሲደንስ ፊልም የተቀየረ ነው የሚመስለው። ደግመን ስናየው ግን ዘፈኖቹ ከየት እንደሚነሡ አስተዋልን። ሁሉም ከድምፅ ይነሣሉ። የመጭመቂያው ማሽን ኳ ኳ ይላል፣ ባቡሩ ሐዲዱን ይመታል፣ ፍርድ ቤት ውስጥ የሚሥል ሰው እርሳስ ወረቀት ላይ ይጭራል። ዓይኗ የከዳት ሴት ጆሮዋ ነው የሚመራት፤ ከዚያች ድምፅ ምት ታወጣና ራሷን ከዚያ ቦታ ታወጣለች። እሷ የምትወዳቸው የአሜሪካ ሙዚቃዊ ፊልሞች ውስጥ ምንም ክፉ ነገር አይሆንም። ፖሊሱን ከገደለችው በኋላ እንኳ በዘፈኑ ውስጥ ሙቱ ተነሥቶ ይደንሳል፣ ይቅርም ይላታል። ዘፈኑ ሲያልቅ ግን ሬሳው ወለሉ ላይ ነው። ከሁሉ ይልቅ እዚህ ትዕይንት ላይ ሙዚቃውና ወንጀሉ ተገናኝተዋል ብለን እናምናለን።

አንድ ሌላ ትዕይንት ሳናነሣ አናልፍም። ሰልማና ጓደኛዋ ካቲ (የፈረንሳይዋ ካትሪን ዴኔቭ ናት) ሲኒማ ቤት ገብተዋል። ካቲ የሚታየውን እየነገረቻት ሳለ አንድ ተመልካች ተቆጣ። ካቲም ዝም ብላ ጣቶቿን በሰልማ መዳፍ ላይ እያራመደች የዳንሱን እርምጃ አሳየቻት። በዚያች ደቂቃ በእኛ አዳራሽ ውስጥ ምን እየሆነ እንደነበረ ታስታውሳላችሁ? እንግሊዝኛ ለማንሰማው አንዲት ልጃችን ዝቅ ባለ ድምፅ እየተረጎመች ነበር፤ ከመሀል ወንበር ደግሞ «ኧረ እንስማበት!» የሚል ቁጣ ተነሥቶ ነበር። መጋረጃው ላይ ያው ነገር ሲመጣ የተቆጣችው እህታችን ራሷ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ከፊት ተቀምጣ ጮክ ብላ ተርጉማልናለች።

አሁን ወደ ምስሉ ጥራት እንምጣ። ቅሬታው ሦስት ነበር፤ ምስሉ ብዥ ይላል፣ ቀለሙ የታጠበ ይመስላል፣ ካሜራው ይንቀጠቀጣል። ሦስቱም እውነት ናቸው። ሆኖም የሻጩ ጥፋት አይደሉም፣ የዲስኩም አይደሉም።

ፊልሙ የተቀረጸው በዚያን ጊዜ ለሲኒማ ከሚሠራበት የፊልም ጥቅል ይልቅ በዲጂታል ቪዲዮ ካሜራ ነው። የሰልማን የዕለት ኑሮ የሚያሳየው ክፍል በእጅ በተያዘ ካሜራ የተነሣ ስለሆነ ፊት ለፊት ይጠጋል፣ ይሸሻል፣ ይወዛወዛል፣ አንዳንዴም ዒላማውን ይስታል። ቀለሙ ቡናማና የደከመ ነው። ወደ ዘፈኑ ሲገባ ግን ካሜራዎቹ ባሉበት ይቆማሉ፣ ቀለሙም ይነቃል። ለዘፈኖቹ አንድ መቶ ትንንሽ ካሜራዎች በየጥጉ ተተክለው ነበር። አንድ መቶ መሆናቸውን ስንሰማ መልሰን ለማየት ቸኮልን፤ እውነትም ምስሉ በየሰከንዱ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ይዘላል። ስለዚህ ቀለሙ ታጥቦ ሲታይ እውነተኛው ኑሮዋ ውስጥ ነን፤ ሲደምቅ ሕልሟ ውስጥ ነን። ጽሑፍ ለማናነብ ሰዎች ጥሩ ምልክት ነው።

ከአባላት መካከል «ታዲያ ብሉ ሬይ የሚባለው ዲስክ ቢገዛ ይጠራ ይሆን?» የሚል ሐሳብ ቀርቦልናል። በአጭሩ፦ በዚህ ፊልም ላይ ብዙ አንጠብቅ። አንድ ተራ ዲቪዲ እንደየአገሩ ደረጃ 480 ወይም 576 አግድም የምስል መስመሮች ይይዛል፤ ብሉ ሬይ እስከ 1080 ይይዛል። ነገር ግን ያኔ በነበረው መደበኛ ቪዲዮ የተቀረጸ ነገር ከመነሻው ያለው ዝርዝር ከዲቪዲው ብዙም አይበልጥም። ሸማ የምትፈትሉ እናቶች ይህን ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ሳሳ ተደርጎ የተሸመነ ነጠላ ቢታጠብና ቢተኮስ ያምራል እንጂ ድሩ አይበዛም። ብሉ ሬዩ የሚያስተካክላቸው ትንንሽ ነገሮች ይኖራሉ። ለምሳሌ በእኛ ዲቪዲ ላይ ካሜራው በፍጥነት ሲዞር በሰዎቹ ፊት ጠርዝ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለ መስመር ይታያል፤ ጨለማ በሆኑ ቦታዎችም ምስሉ ወደ ትንንሽ ካሬዎች ይሰባበራል። ለዚህ ብቻ ተብሎ ግን አዲስ ማጫወቻ ከነዲስኩ መግዛት ብክነት ነው፤ በዚህ ላይ ኮሚቴያችን በአንድ ድምፅ ተስማምቷል።

የእኛን ጥፋት ደግሞ እንናገር። ያን ቀን ፕሮጀክተሩን «ደማቅ» በሚለው አሠራር ላይ አድርገን ነበር፤ ያ አሠራር ብዥታውን አጉልቶ እንደ አሸዋ በትኖታል። ምስሉ ሰፊና አጭር ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ከላይና ከታች ጥቁር መቅረት ነበረበት፤ እኛ ግን መጋረጃው ይሙላ ብለን ስበነው ሰዎቹ ሁሉ ቀጥነውና ረዝመው ታዩ። የምሥራቁ መስኮትም መጋረጃ አልነበረውም። በሁለተኛው ጊዜ ብርሃኑን ቀንሰን፣ ምስሉን በልኩ ትተን፣ መስኮቱን በጋቢ ሸፍነን ስናየው ያው ዲስክ ሌላ ፊልም መሰለን። መጀመሪያ ላይ ቀለማት እየቀለጡ ሲቀያየሩና ሙዚቃ ብቻ ሲሰማ «ዲስኩ ቆመ» ብለን ማጫወቻውን የመታነውም እኛው ነን። ለካስ መግቢያው ነው፤ የዴንማርኩ ሠዓሊ ፐር ኪርከቢ ሥዕሎች ናቸው። ይቅርታ እንጠይቃለን።

ስለ ምስሉ ይህን ካልን፣ ቡናው እስኪፈላ ስለ ታሪኩም የሚሰማንን እንናገር። እዚህ ላይ እኛ ሦስታችንም አልተስማማንም።

በወንጀል ፊልምነቱ ከመዘንነው ደካማ ነው። ችሎቱ ላይ ሰልማ አንድ ቃል ብትናገር፣ «ገንዘቡ ለልጄ ዓይን ነበር፤ ሐኪሙን ጠይቁት» ብትል፣ ነገሩ ይለወጥ ነበር። ለሞተ ሌባ የገባችውን ቃል ጠብቃ ዝም ትላለች። ጓደኞቿ ገንዘቡን ከሐኪሙ አስመልሰው አዲስ ጠበቃ ሊቆሙላት ሲሞክሩም እምቢ ትላለች፤ ገንዘቡ ለጠበቃ ከዋለ ልጁ አይታከምምና። ከመካከላችን አንዷ «እናት እንዲህ ናት፤ እኔም እንደሷ አደርግ ነበር» አለች። ሁለታችን ደግሞ ተቆጣን። ዳይሬክተሩ ገመዱን ሆን ብሎ ያጠበቀው ይመስለናል። ይህን ፊልም ከሌሎች ሁለት ሥራዎቹ ጋር «ወርቃማ ልብ» በሚል ስም አያይዞታል፤ መነሻው ያላትን ሁሉ ሰጥታ ባዶ ስለምትቀር ሴት ልጅ የሚናገር የልጆች ተረት ነው። ሴት ራሷን እስክታጠፋ ስትሰጥ ማየት ያምራል የሚል ስሜት ያለበት ሥራ እኛ ዘንድ ሲመጣ ዝም ብለን አንቀበለውም። ልጁ ዓይን ያገኛል፣ እናት ግን ያጣል። ማንስ ጠየቀው የትኛውን እንደሚመርጥ?

ቢዮርክም ከዚህ ፊልም ሥራ በደስታ አልወጣችም። እ.ኤ.አ. በ2017 ከአንድ የዴንማርክ ዳይሬክተር ጋር ስትሠራ ትንኮሳ እንደደረሰባት፣ ስሙን ሳትጠራ፣ በይፋ ጽፋለች። ፎን ትሪየር ክሱን አስተባብሏል። ሽልማቱን ከጠቀስን ይህንንም መጥቀስ ተገቢ መስሎናል።

በውይይቱ ላይ «ዕቁብ ብትገባ ኖሮ አትሰረቅም ነበር» ያለችው እህታችን ብዙ አስቃናለች። አንዲት ትልቅ እናታችን ግን አልሳቁም። «ጣሳው አይደለም» አሉ። «ካቲን የመሰለች ጓደኛ እያለቻት ለሷ እንኳ ሳትነግር ለባለዩኒፎርሙ ነገረች።» እሳቸው ራሳቸው ለስንት ዓመት የባቄላ ማሰሮ ውስጥ ገንዘብ ይደብቁ እንደነበርና የዛሬ ሁለት ዓመት ወደዚህ ማኅበር ሲመጡ መጀመሪያ ያስረከቡት ያንን እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ። የዓይናቸውን ነገር ግን ያን ዕለት ነው የሰማነው። የግራው ከባለፈው ክረምት ጀምሮ ጭጋግ ለብሶባቸዋል፤ ጥልፉን በጣታቸው እየዳሰሱ ነበር የሚሠሩት፣ ሥራው ይነጠቀኛል ብለው። ፊልሙ ሲያልቅ ነው የነገሩን። በሳምንቱ ሁለት አባላት ይዘዋቸው ወደ ዓይን ሐኪም ሄደዋል፤ ሞራ ነው ተብሏል፣ ቀጠሮም ተይዞላቸዋል። የሚያስፈልገው ወጪ ከችግር ጊዜ ፈንዳችን እንዲሸፈን ዛሬ ከቡና በኋላ ድምፅ እንሰጣለን፤ እባካችሁ ቶሎ አትሂዱ።

ዲስኩ ቢሮ ባለው ቁም ሳጥን ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ነው። መበደር የምትፈልጉ በጸሐፊዋ መዝገብ ላይ ፈርማችሁ ለአንድ ሳምንት ውሰዱት። ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነውና በጊዜ ጀምሩ። ቴሌቪዥናችሁን «ደማቅ» ላይ አታድርጉት፤ ጥቁሩንም ከላይና ከታች ተዉት። አቧራ ከያዘው በለስላሳ ጨርቅ ከመሀል ወደ ዳር ጥረጉት እንጂ እባካችሁ በቀሚስ ጫፍ አይሁን።