የጆሮ ደዌ በጥንታዊው የሕንድ ሕክምና

በሳንስክሪት ልሳን የሕይወት ዕውቀት ማለት የሆነው «አዩርቬዳ»፣ ጥንታውያን የሕንድ ጠቢባን ያቆሙት የሕክምና ሥርዓት፣ የጆሮን ደዌ እንዴት እንደ ተረዳው ዛሬ እንመለከታለን።

በሊቁ በሱሽሩታ ስም የሚጠራው መጽሐፍ የጆሮን ደዌያት 28 አድርጎ ይቈጥራል፤ ውጋት፣ መስማት መሳን፣ የመግል መፍሰስ፣ እንዲሁም ከውጭ ድምፅ ሳይኖር በጆሮ ውስጥ የሚያስተጋባው ጩኸት ከእነዚሁ ናቸው። ሥጋን የሚገዙት ቫታ፣ ፒታና ካፋ የተባሉ ሦስት ኃይላት ናቸው የሚለው ይህ ትምህርት፣ ውጋቱንም ጩኸቱንም የነፋስ ባሕርይ ካለው ከቫታ መታወክ ያመጣዋል፤ አራቱን ባሕርያተ ሥጋ ከመጻሕፍታችን ለተማረ ሰው አነጋገሩ ፈጽሞ ባዕድ አይሆንበትም። ስለዚህም የደረቀውን ነፋስ ለማለዘብ፣ ለብ ያለ የሰሊጥ ዘይት በጆሮ ሞልቶ ጥቂት ማቈየት፣ «ካርና ፑራና» የሚሉት፣ ከታወቁት መድኃኒቶች አንዱ ሆነ።

እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ ግን፣ ይኸው መጽሐፍ ጌጥ የሚንጠለጠልበት የጆሮ ሥጋ ሲቀደድ መልሶ ለመጋጠም 15 መንገዶችን በትዕግሥት መዘርዘሩ ነው፤ እንዲህ ያለ የእጅ ጥበብ በዚያ ዘመን መገኘቱ ክብር ይገባዋል።

ወደ ዘይቱ ሕክምና ስንመለስ፣ ዘይት የደረቀ ኩክን ሊያለሰልስ ይችላል። ታምቡሩ በተቀደደ ወይም መግል በሚያፈስ ጆሮ ውስጥ ግን ማንኛውንም ዘይት መጨመር አደጋ አለው፤ ድንገት መስማት የተሳነውም ሰው፣ ቀን ባለፈ ቍጥር የመዳኑ ተስፋ ይቀንሳልና፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጆሮ ሐኪም ይሂድ።