የሚነጋገር ኮምፒዩተርና የእንግሊዝኛ ቃላት ትምህርት



ከሰው ጋር በጽሑፍ የሚነጋገረው የኮምፒዩተር ፕሮግራም፣ በተለምዶ ቻትቦት የሚባለው፣ ለዐረብኛ ተናጋሪዎች የእንግሊዝኛ ቃላትን ለማስተማር እንዴት መሠራት እንደሚገባው በአጭሩ ላስረዳ እወዳለሁ።

በዐረብኛ ከተበ ጻፈ፣ ኪታብ መጽሐፍ፣ መክተብ ቢሮ፣ መክተባ ቤተ መጻሕፍት ማለት ሲሆን፣ አራቱም የሚወጡት ከአንድ ሥር ነው። በአማርኛም ጸሐፊ፣ መጽሐፍና ጽሕፈት ቤት እንዲሁ ናቸው። በእንግሊዝኛ ግን ራይት፣ ቡክ፣ ኦፊስና ላይብረሪ በመልክ አይዛመዱምና ተማሪው እያንዳንዱን ለየብቻ መያዝ ግድ ይሆንበታል።

ሁለተኛ፣ የዐረብኛ ጽሕፈት አጫጭር አናባቢዎችን አብዛኛውን ጊዜ አይጽፍም፤ የእኛ ፊደል ግን በቅርጹ ያሳያቸዋል። ከዚህም የተነሣ ተማሪው የእንግሊዝኛውን ቃል ተነባቢዎች ይዞ አናባቢዎቹን ሊስት ይችላል። የፐ ድምፅም በመደበኛው ዐረብኛ ስለሌለ፣ ፓርክን ባርክ ብሎ ሊጠራው ይችላል።

እንግዲህ የመሐንዲሱ ድርሻ ምንድን ነው? መልስ ብቻ የሚሰጥ መሣሪያ ቢሠራ፣ ተማሪው አንብቦ ያልፍና ይረሳዋል። ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ የተማሩት ነገር በመጀመሪያ በፍጥነት፣ ኋላ በዝግታ ይረሳል፤ በቀናት የተከፋፈለ ድግግሞሽም በአንድ ጊዜ ከሚደረገው ይበልጣል። ስለሆነም ፕሮግራሙ ከመመለሱ በፊት ይጠይቅ፤ ተማሪው የሳተውን ቃልና የሳተበትን ፊደል መዝግቦ፣ በማግሥቱም በሳምንቱም በአዲስ ዓረፍተ ነገር መልሶ ይጠይቀው።

ፕሮግራሙ ስሕተትን እንደ እውነት አድርጎ ሊናገር ስለሚችል፣ የሚያስተምረውን ሁሉ ሁለቱን ቋንቋዎች የሚያውቅ መምህር ይመርምረው። ይህ ካልሆነ ተማሪው ስሕተቱን በትጋት ያጠናል።