ቁልቁለቱ የታለ?

(ስለ ፓስቴልና ስለ መልክዐ ምድር ሥዕል በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ሥዕል ልናስተምር አይደለም፤ ለዚያ ገና ነን። ነገር ግን የሠራነውን ስሕተትና ከስሕተቱ ያገኘነውን ትምህርት ብንነግራችሁ ይጠቅማል ብለን ስለ አመንን ነው።

እንደምታስታውሱት፣ ባለፈው ዓመት ካሳየናቸው ሥዕሎች መካከል በረዶ የለበሰ ተራራና በሐይቅ ዳር የተሠራ የእንጨት ቤት ነበሩ። ሁለቱም ከግድግዳ ካላንደር የተገለበጡ ናቸው። ከመካከላችን በረዶ የለበሰ ተራራ በዐይኑ ያየ አንድም አልነበረም። ተመልካቹ አመሰገነን፤ እኛም ምስጋናውን ዝም ብለን ተቀበልን። ዛሬ ስናስበው እናፍራለን።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሳጥን ፓስቴል በመዋጮ ገዝተን ወደ እንጦጦ ወጣን። ፓስቴል ማለት የቀለም ዱቄት ከነጭ ዱቄትና ከጥቂት ሙጫ ጋራ ተለውሶ፣ እንደ ጠመኔ ተድቦልቡሎ የደረቀ ነው። ሙጫው ጥቂት ስለሆነ ቀለሙ ብሩህ ነው፤ ነገር ግን በቀላሉ ይረግፋል። ስለዚህ ሻካራ ወረቀት ይፈልጋል፤ ወረቀቱ ልሙጥ የሆነ እንደሆነ ዱቄቱን አይዝም።

በዚያን ቀን ባሕር ዛፉን አረንጓዴ፣ ሰማዩን ሰማያዊ አድርገን፣ ሁሉንም በጣት አሽተን አለሳለስነው። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ አንዲት እናት ሸክማቸውን በድንጋይ ላይ አስደግፈው ሲያርፉ፣ «እማማ፣ ሥዕሉ እንዴት ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። ጥቂት ተመልክተው፣ «ማለፊያ ነው ልጆቼ፤ ግን ቁልቁለቱ የታለ?» አሉን።

መልስ አልነበረንም። ቅጠሉንም ሰማዩንም ሥለናል፤ እሳቸው በጉልበታቸው የሚያውቁት ነገር ግን በወረቀታችን ላይ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ መጻሕፍት መመርመር ጀመርን። ኤድጋር ደጋ የተባለው የፈረንሳይ ሠዓሊ ብዙ ሰው የሚያውቀው በዳንሰኞች ሥዕል ነው። ይሁን እንጂ በ1890 እ.ኤ.አ. በፈረስ ጋሪ ወደ ቡርጎኝ አገር ተጉዞ፣ በመንገድ ያየውን በወዳጁ ቤት ተቀምጦ ከትዝታው ሠራው። ቀጭን የዘይት ቀለም በብረት ሰሌዳ ላይ እየቀባ፣ በጨርቅና በጣት እየጠረገ በወረቀት ላይ ካተመ በኋላ፣ በላዩ ፓስቴል ይጨምርበት ነበር። እነዚህንም ሥዕሎች በ1892 እ.ኤ.አ. በፓሪስ አሳየ። በብዙዎቹ ውስጥ ኮረብታውን ከጭጋጉ ለመለየት ያስቸግራል፤ በሚሄድ ጋሪ ላይ ለተቀመጠ ሰው አገር የሚታየው ግን እንዲሁ ነው።

ጆን ኧርድሊ የተባለችው ሠዓሊት (1921–1963 እ.ኤ.አ.) ደግሞ በስኮትላንድ ባሕር ዳር፣ ካተርላይን በምትባል መንደር፣ በነፋሱና በማዕበሉ ፊት ቆማ ትሥል ነበር። በአንዳንድ ሥዕሎቿ ላይ የሜዳውን ሣርና ዘር ከቀለሙ ጋራ አጣብቃለች። አንዱ በቤት ውስጥ ከትዝታ፣ ሁለተኛይቱ በሜዳ ላይ፤ መንገዳቸው የተለያየ ነው። ሁለቱም ግን የሌላ ሰው ካላንደር አልገለበጡም።

እንግዲህ ወደ እንጦጦ ተመለስን። በዚህ ጊዜ በመጀመሪያ ቀጭን የውኃ ቀለም ቀብተን እስኪደርቅ ጠበቅን፤ ወረቀቱ እርጥብ ከሆነ ፓስቴሉ ይጨቀያልና። ቀጥሎ የቁልቁለቱን አጥንት በከሰል በኀይል አሰመርን። በመጨረሻም ፓስቴሉን ከጥቁሩ ወደ ብሩሁ እየደረብን፣ ሳናሽ፣ ጭረቱ ሁሉ ወደ ታች እንዲወርድ አደረግን። ዱቄቱንም በአፍ እፍ አላልንም፤ ወደ ሳንባ የሚገባ ነውና፣ ወረቀቱን አዘንብለን አራገፍነው።

አንዳንድ ወንድሞች፣ «ስሜት ከተባለማ ያልተማረ ሁሉ ሠዓሊ ነኝ ይላል» ብለው ነቅፈውናል። ነቀፌታው ከንቱ አይደለም። ደጋ ከትዝታው ለመሥራት የቻለው ለብዙ ዓመታት ዐይኑንና እጁን ስላሠለጠነ ነው። ስሜት የስንፍና መሸሸጊያ ሊሆን አይገባም። ቁልቁለትን ለማሳየት የሚሻ ሰው፣ መሬቱ እንዴት እንደሚያዘነብል አስቀድሞ ማጥናት አለበት።

አዲሱ ሥዕል እንደ ፊተኛው ያማረ አይደለም። እኚያን እናት ዳግመኛ ስላላገኘናቸው ፍርዳቸውን አልሰማንም። ስለዚህ ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን በመስተዋት ውስጥ አድርገን ሰቅለናቸዋልና፣ መጥታችሁ እንድትፈርዱ እንለምናችኋለን። ለመጪው ትርኢት ሥዕል የምታዘጋጁም ሁሉ፣ ካላንደሩን በግድግዳው ላይ ተዉት። በእግራችሁ የምታውቁትን አንድ መንገድ ሥላችሁ አምጡልን፤ ቢያምርም ባያምርም እንሰቅለዋለን።