ለማይታወቅ ዘመን የጤና ፕላን ስለ ማውጣት
(ለወረዳ አስተዳደርና ለጤና ጥበቃ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዮሴፍ የፈርዖንን ሕልም በፈታ ጊዜ ከምድሪቱ ፍሬ ከአምስት አንድ እጅ እየተለየ በጐተራ እንዲከማች መከረ፤ ምክሩም ተፈጸመ። ነገር ግን ዮሴፍ አንድ ትልቅ ዕድል ነበረው፤ ይኸውም ከሰባቱ የጥጋብ ዓመታት በኋላ ሰባት የረሃብ ዓመታት እንደሚመጡ በእርግጥ ማወቁ ነው። ዛሬ ለአንድ ወረዳ ጤና ጣቢያን፣ አዋላጅንና መድኃኒትን የሚመድብ ሹም ግን እንዲህ ያለ እርግጠኛ ሕልም አልተሰጠውም። ሊመጣ የሚችለው ዘመን አንድ ብቻ ሳይሆን ብዙ መልክ አለው።

የተለመደው አሠራር የአምናውን ቁጥር ይዞ ጥቂት መቶኛ ጨምሮ የከርሞውን መጻፍ ነው። ይህ አሠራር ቀላል ነው፤ ለሪፖርትም ያምራል። ሆኖም የሚቆምበት መሠረት ሲታይ ያሳስባል። በ1984 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በተደረገው ቆጠራ የኢትዮጵያ ሕዝብ 42 ሚሊዮን ተኩል ያህል ነበረ፤ በ1994 53 ሚሊዮን ተኩል፣ በ2007 ደግሞ ወደ 74 ሚሊዮን ደረሰ። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተፈጸመ ዛሬ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነው የሚባለው በግምት ነው። እንግዲህ የአንዲት ቀበሌ የእናቶችና የሕፃናት ቁጥር በግምት ላይ የተሠራ ግምት ነው ማለት ነው፤ የክትባቱ ብልቃጥ የሚታዘዘውም በዚሁ ቁጥር ነው።

ስለዚህ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ፕላን አውጪዎች ሌላ መንገድ ፈለጉ፤ ሴናሪዮ ይሉታል። ነገሩ ትንቢት አይደለም። ሊሆኑ የሚችሉ ሁለት ወይም ሦስት የተለያዩ ዘመናትን እንደ ታሪክ ጽፎ፣ በእያንዳንዱ ውስጥ ዛሬ የታሰበው ሥራ ምን እንደሚደርስበት መመርመር ነው። በዚህ ሥራ ስሙ የሚነሣው ፒየር ዋክ የተባለው ፈረንሳዊ ሲሆን፣ ሼል በተባለው የነዳጅ ኩባንያ ውስጥ ሳለ የነዳጅ ዋጋ በድንገት ሊንር እንደሚችል የሚያሳይ ታሪክ ለአለቆቹ አስቀድሞ አቅርቦ ነበር። በ1973 መጨረሻ ዋጋው በእርግጥ ናረ። ያ ንረት በየካቲት 1974 የአዲስ አበባን የታክሲ ነጂዎች ሥራ እንዲያቆሙ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ነበረ፤ ከዚያ ወዲያ በአገሪቱ የሆነውን አድማጮች ያውቁታል።

ይኸው ዘዴ ለጤና ሥራ የዋለበት ትልቅ ምሳሌ በ2005 የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ድርጅት ያወጣው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ በአፍሪካ እስከ 2025 ድረስ ሊሆን የሚችለውን በሦስት ታሪኮች ይተርካል። ያን ጊዜ ነገሩ ምን ያህል ተለዋዋጭ እንደ ነበረ ለመረዳት የመድኃኒቱን ዋጋ ማስታወስ ይበቃል፤ በ2000 ለአንድ ሕመምተኛ በዓመት ከ10,000 ዶላር በላይ ይጠይቅ የነበረው ሕክምና፣ በ2001 አንድ የህንድ ፋብሪካ ለበጎ አድራጎት ድርጅት በ350 ዶላር ለመሸጥ ተስማማ። በኢትዮጵያም ከ2005 ጀምሮ በነፃ መታደል ጀመረ። በ1999 የአሥር ዓመት ፕላን በአንድ ቁጥር ብቻ ያወጣ ሰው ይህን ሁሉ ሕይወት እንደ ጠፋ ቈጥሮት ነበር ማለት ነው። ታሪኮቹ የሚያበቁበት 2025 በገባ በመጀመሪያው ወር ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን አገደ። ክኒኑ በየቀኑ ዕድሜ ልክ የሚዋጥ ነው፤ እገዳ አያውቅም።

አሁን ነገሩን ወደ ወረዳ እናውርደው።

በመጀመሪያው መልክ የወሊድ ቁጥር ቶሎ ይቀንሳል። በ2000 በኢትዮጵያ አንዲት ሴት በአማካይ 5.5 ልጆች ትወልድ ነበር፤ በ2016 4.6 ሆነ። ግን አማካዩ ብዙ ይደብቃል፤ በዚያው በ2016 ጥናት የአዲስ አበባ 1.8፣ የሶማሌ ክልል 7.2 ነበረ። በአንድ መንግሥት ውስጥ ሁለት ዘመን ጎን ለጎን ይኖራል ማለት ነው፤ ለሁለቱ አንድ ፎርም መላክ የሚያስከትለውን ለማወቅ ብዙ ምርምር አያሻም። ደግሞም የወሊድ መቀነስ የአዋላጅን ሥራ ወዲያው የሚያቀል የሚመስለው ሰው ይሳሳታል። በ2007 ቆጠራ ከሕዝቡ 45 ከመቶው ከ15 ዓመት በታች ነበር፤ እነዚያ ልጆች ዛሬ ወላጆች ናቸው። አንድ ሺህ እናቶች አምስት አምስት ልጅ ቢወልዱ 5,000 ይሆናል፤ ሺህ አምስት መቶ ሆነው አራት አራት ቢወልዱ ግን 6,000 ነው። ስለዚህ መልካም በተባለው ዘመን እንኳ የማዋለጃው ክፍል ለብዙ ዓመት ይጨናነቃል።

በሁለተኛው መልክ ሰው ዕድሜው ይረዝማል፤ በሽታውም ይለወጣል። በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ለየቀበሌው ሁለት ሴቶች ልጆች አንድ ዓመት ተምረው ተመደቡ። ሥራቸው ክትባት፣ መጸዳጃ ቤት፣ የእናቶች ምክር፣ የወባ መከላከል ነበር። አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናት በ2000 ከሺህ 166 የነበሩት በ2016 ወደ 67 ወረዱ፤ ከዚህ ውስጥ የእነዚህ ሴቶች ድርሻ ትንሽ አይደለም። አሁን ግን በዚያችው ጤና ኬላ ደጃፍ የደም ግፊት ያለባቸው አባትና የስኳር በሽታ ያለባቸው እናት ይቀመጣሉ፤ ልጆቻቸው ወደ ከተማ ወይም ወደ ዓረብ አገር ሄደዋል። ክትባት ተሰጥቶ ይጨረሳል፤ የደም ግፊት ግን በየወሩ ይመለሳል። ኢንሱሊን ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል፤ የወር ቀለብ ያህልም ገንዘብ ይጠይቃል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሠራተኛ፣ መዝገብና መጋዘን ለክትባት ዘመቻ ከሚያስፈልገው የተለየ ነው።

ሦስተኛው መልክ የገንዘብ መድረቅ ነው። ለዚህ መልስ ይሆናል ተብሎ በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ ጤና መድን መልካም ሥራ ነው። ይሁን እንጂ የገበሬው መዋጮ ከአዝመራ ጋራ የተያያዘ ነው። ዝናብ በቀረበት ዓመት መዋጮው ይጎድላል፤ ሕመምተኛው ግን በዚያው ዓመት ይበዛል። የውጭ እርዳታም በዚያው ዓመት ቢቋረጥ ሦስቱ በአንድ ላይ ይወድቃሉ። ይህን አስቀድሞ ያልጻፈ ወረዳ በዚያ ዓመት የሚጽፈው የልመና ደብዳቤ ብቻ ይሆናል።

እንግዲህ ሦስቱ መልኮች ከተጻፉ በኋላ ፍሬ ያለው ጥያቄ የትኛው ይመጣል የሚለው አይደለም፤ የትኛው ሥራ በሦስቱም ውስጥ ይጠቅማል የሚለው ነው። ሁለት ሙያ ያላት አዋላጅ፣ ለእርሷ የሚሆን የመኖሪያ ቤት፣ የጤና ጣቢያው የውኃ መስመር፣ በትክክል የሚያዝ የመድኃኒት መዝገብ በሁሉም ይጠቅማሉ። ትልቅ ሕንፃ ግን በአንዱ መልክ ብቻ ይጠቅም ይሆናል፤ ሲሚንቶ አንዴ ከፈሰሰ ሕዝቡ ወደ ሄደበት ከተማ አብሮ አይሄድም። ለሕንፃ የሚመረቅበት ቀን አለው፤ ለመዝገብ ግን ሪባን አይቈረጥም፤ ምናልባት የባጀቱ ዝንባሌ ከዚህ የመጣ ይሆናል።

ጓንት በጠፋበት ጤና ጣቢያ ስለ ሃያ ዓመት ታሪክ መጻፍ ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ፤ ቅሬታቸውም እውነት አለበት። ሆኖም ጓንቱ የጠፋው ብዙ ጊዜ የወሊዱ ቁጥር ባልታሰበበት መንገድ ስለ ተለወጠ ወይም የሚሰጠው ወገን ስለ ቆመ ነው።

በእርግጥ ማንም ሊጽፈው የማይወድ መልክም አለ። በትግራይ ከ2020 እስከ 2022 በቆየው ጦርነት፣ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ማኅበር በ2021 መጀመሪያ ካያቸው 106 የጤና ተቋማት ውስጥ 70 ከመቶ የሚጠጉት ተዘርፈው፣ እንደ ወትሮው የሚሠሩት 13 ከመቶ ብቻ ሆነው አገኘ። ሠራተኛ ደመወዝ ሳይከፈለው፣ መንገድ ተዘግቶ፣ መብራት ጠፍቶ ወላድ ስትመጣ ምን ይደረጋል የሚለው ጥያቄ ለመጻፍ የሚከብድ ቢሆንም በወረቀት ላይ ቢጠየቅ ይሻላል።

ሥራው ግማሽ ቀን ይበቃዋል። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የወረዳው የገንዘብ ሹም፣ አዋላጇ፣ የመድኃኒት ቤት ኃላፊው፣ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ አንድ የዕድር ዳኛና አንዲት በቅርቡ የወለደች እናት ይቀመጡ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጻፈው ቁጥር የመድኃኒት ቤት ኃላፊው የሚያውቀው ነው፤ ይኸውም ዛሬ ጭነት ቢቋረጥ በመደርደሪያው ላይ ያለው ለስንት ሳምንት እንደሚበቃ ነው።