ከማመልከቻው በፊት የራሳችን ድርሻ

(በሞርሲቶ ከተማ የሠፈራችን የልማት ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተነበበ ንግግር። በስብሰባው ላይ ላልተገኙ ነዋሪዎች ሲባል በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ አንድ ነው። ይኸውም ለጎርፍ መውረጃው ቦይና ለመሻገሪያው ድልድይ ከማዘጋጃ ቤቱ የልማት ድጋፍ ገንዘብ እንዴት አድርገን እንጠይቅ የሚል ነው።

ችግሩን ለእናንተ መዘርዘር ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። ክረምት በገባ ቁጥር ከላይ የሚወርደው ጎርፍ በባሕር ዛፍ እንጨት የሠራነውን መሻገሪያ ይዞት ይሄዳል። ልጆች ከትምህርት ቤት ይቀራሉ፤ ያልቀሩትም ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ውሃ ውስጥ ይገባሉ። እናቶች ጀሪካን አዝለው ዙሪያውን ይሄዳሉ። በሽተኛ በቃሬዛ ማሻገርማ ጭንቅ ነው። በዳር በኩል ያለው የእንሰት ጓሮም በየዓመቱ እየተሸረሸረ ነው። እንጨቱን ስንት ጊዜ ቀየርነው? በየዓመቱ እኮ ነው። ስለዚህ በድንጋይና በሲሚንቶ መሠራት አለበት። ይህ ደግሞ ከእኛ አቅም በላይ ስለሆነ የመንግሥት እጅ ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ ግን በየቤቱ ቡና ሲጠጣ የሚባሉ ሁለት ነገሮች አሉ። ሳንደብቅ እናንሣቸው።

የመጀመሪያው «ግብር እንከፍል የለም ወይ? መንግሥት ይሥራው እንጂ እኛ ለምን እናዋጣለን?» የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው ውሸት አልተናገረም፤ ግብር የሚከፈለው ለዚሁ ነው። ነገር ግን የማዘጋጃ ቤቱ ካዝና አንድ ሲሆን የሚጠይቀው ሠፈር ብዙ ነው። አንዱ መንገድ የለኝም፣ ሌላው ውሃ የለኝም፣ ሌላው መብራት የለኝም ይላል። ሁሉም እውነቱን ነው። ታዲያ ገንዘቡን የሚደለድለው ሰው አንዱን ከሌላው በምን ይለያል? ማን ተዘጋጅቷል፣ ማን የራሱን ድርሻ ይዟል፣ ከተሠራ በኋላስ ማን ይጠብቀዋል ብሎ ነው የሚለየው።

ይህ አሠራር በአገራችን የቆየ ነው። ከዓለምገና ተነሥቶ በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጎ ወላይታ ሶዶ የሚደርሰውን መንገድ ሁላችንም እንሄድበታለን። በ1950ዎቹ ሥራው ሲጀመር ሕዝቡ በማኅበር ተደራጅቶ ገንዘብ አዋጣ፤ አዋጥቶም ወደ አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ቀርቦ የመንግሥትን ድርሻ ጠየቀ። ባዶ እጁን አልሄደም።

ኋላም በ1988 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ማኅበራዊ ተሐድሶና ልማት ፈንድ በአዋጅ ተቋቁሞ ነበር። ፈንዱ ዛሬ የለም፤ በሥራ ላይ በነበረበት ጊዜ ግን ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ተቋም፣ ለመጠጥ ውሃና ለአነስተኛ መስኖ ድጋፍ ይሰጥ ነበር። ገንዘቡን የሚሰጠው ኅብረተሰቡ ራሱ ጠይቆ፣ የራሱን ኮሚቴ መርጦ፣ ከወጪው ቢያንስ 10 በመቶውን በገንዘብ ወይም በጉልበት ወይም በዕቃ ሲሸፍን ነበር። የኮብልስቶን መንገድም እንዲሁ ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር እየተስፋፋ ሲመጣ በብዙ ከተሞች የአንድ መንገድ ነዋሪዎች ድርሻቸውን አስቀድመው ሲያስገቡ ማዘጋጃ ቤቱ የቀረውን እየጨመረ ተነጥፏል።

ከተሞች ራሳቸውም ቢሆኑ እንዲሁ በነጻ አይሰጣቸውም። በ2010 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረው የከተሞች መሠረተ ልማት ፕሮግራም 117 ከተሞችን የያዘ ነበር። ከተሞቹ በየዓመቱ ሥራቸው እየተመዘነ ነበር ገንዘብ የሚለቀቅላቸው፤ የራሳቸውንም ድርሻ ይጨምሩ ነበር። ከተማ ከተመዘነ ሠፈር ቢመዘን ምን ይገርማል?

ሁለተኛው የሚባለው ነገር ከመጀመሪያው ይከብዳል። «ከዚህ በፊትም አዋጥተን ነበር፤ ገንዘቡ የት እንደገባ እስካሁን አልተነገረንም» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከየቤታችን ገንዘብ ተሰብስቦ ነበር። ደረሰኝ የያዘ ቤት አንድም የለም፤ ሒሳቡም አልተነበበም። ማን ምን አደረገ ብለን ዛሬ ስም አንጠራም። ነገር ግን ያ ቁስል ሳይድን ሌላ መዋጮ መጠየቅ አይቻልም። መድኃኒቱ ደግሞ የሒሳብ አያያዝ ነው። ስለሆነም ኮሚቴው የሚከተለውን ደንብ ያቀርባል።

1ኛ/ ያለ ደረሰኝ አንድ ብር አይሰበሰብም። ደረሰኝ ያልተሰጠው ሰው አይክፈል።

2ኛ/ ገንዘቡ በሰው ቤት አያድርም። በማኅበሩ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይገባል። የሚወጣውም በሊቀ መንበሩ፣ በሒሳብ ሹሙና በገንዘብ ያዡ የሦስትዮሽ ፊርማ ብቻ ይሆናል።

3ኛ/ በየወሩ መጨረሻ የገባውና የወጣው ተጽፎ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።

4ኛ/ ከኮሚቴው ውጭ ሦስት ሰዎች፣ ከእነርሱም ቢያንስ አንዷ ሴት፣ ሒሳብ መርማሪ ሆነው ዛሬ ይመረጣሉ።

5ኛ/ ድጋፉ ካልተፈቀደ ገንዘቡ እንዲመለስ ወይም ለሌላ ሥራ እንዲውል የሚወስነው ይህ ጠቅላላ ስብሰባ ነው፤ ኮሚቴው አይደለም።

መክፈል ለማይችለውስ? ጧሪ የሌላቸው አዛውንቶች አሉ፤ ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች አሉ፤ የቀን ሥራ ያጣም አለ። እነርሱን በር አንኳኩቶ ማሳፈር የሠፈራችን ወግ አይደለም። ጉልበት ያለው ድንጋይ በመሸከምና አፈር በመቆፈር ድርሻውን ይወጣ፤ ሰዓቱም በመዝገብ ይያዝለት። ጉልበትም ገንዘብም የሌለው በሙሉ ድምፅ አባል ሆኖ ይቆይ። የተከፈለውና በጉልበት የተሠራው በአንድ መዝገብ ላይ ተደምሮ እንደ ሠፈራችን ድርሻ ለማዘጋጃ ቤቱ ይቀርባል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለዚህ ነው።

ከአካባቢያችን ብዙ ወጣቶች በደቡብ አፍሪካ ይገኛሉ። አዲስ አበባ ያሉም አሉን። ለያሆዴና ለመስቀል ወደ ቤታቸው ሲመጡ ወይም ሲደውሉ ጉዳዩን ንገሯቸው። ነገር ግን ሥራውን ሁሉ በእነርሱ ጫንቃ ላይ አንጣለው። እነርሱም በሰው አገር የሚኖሩት በጭንቅ ነው።

አሁን ወደ ማመልከቻው እንምጣ። ብዙ ጊዜ ማመልከቻ ሲጻፍ ችግር ብቻ ይደረደርና መጨረሻ ላይ «መንግሥት ይድረስልን» ተብሎ ይፈረማል። እንዲህ ያለው ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ይቀራል። የኛ ማመልከቻ የሚከተሉትን ይዞ መሄድ አለበት።

ሀ/ ጥያቄው አንድ ይሁን። ቦይና ድልድይ ብለናል፤ መብራቱንና የወጣት ማእከሉን እዚያው አንጨምርበት። ብራዚል ውስጥ ፖርቶ አሌግሬ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ነዋሪዎች እየተሰበሰቡ የከተማው የልማት ገንዘብ ለምን እንደሚውል ቅደም ተከተል ያስይዙ ነበር። ሁሉ ነገር አንደኛ ሊሆን እንደማይችል ተነጋግሮ መስማማት የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ለ/ የዛሬው ቃለ ጉባኤ ከተሰብሳቢዎች ስምና ፊርማ ጋር ይያያዝ። መጻፍ የማይችል በጣት አሻራው ይፈርማል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

ሐ/ በባለሙያ የተለካ የሥራ መጠንና የዋጋ ግምት ይኑር። ልኬቱ በጥቅምት ቢሆን ጥሩ ነው። ያን ጊዜ ዝናቡ ቀነስ ይላል፤ ጎርፉ የደረሰበት ምልክት ግን ከዳሩ ገና አልጠፋም። ስፋቱን በጋ ላይ ደረቁን አይቶ የለካ ሰው ድልድዩን ያሳጥረዋል።

መ/ ቦይ የሚነካው ጓሮ ባለቤት መስማማቱን በፊርማው ያረጋግጥ። ድጋፉ ከተፈቀደ በኋላ ጠብ ቢነሣ ገንዘቡ ወደ ሌላ ሠፈር ይሄዳል።

ሠ/ የባንክ ሒሳባችን ማስረጃና በጉልበት የምንሸፍነው ዝርዝር ይያያዝ።

ረ/ ከተሠራ በኋላ ቦዩን ማን ይጠርጋል የሚለው ይጻፍ። ክረምት ከመግባቱ በፊት በግንቦት፣ ከዚያም ክረምቱ ሲያበቃ በየቤቱ ተራ ይወጣል።

ደብዳቤው በቀበሌው ከተረጋገጠ በኋላ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ይገባል፤ ግልባጭ ለወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ይሰጣል። መዝገብ ቤት ሲገባ ቁጥርና ቀን እንይዛለን፤ ያለ ቁጥር የገባ ደብዳቤ እንዳልገባ ይቆጠራል። ለመከታተል የሚሄዱትም ሁልጊዜ ሁለት ሰዎች ይሁኑ። ለማንም «የሻይ» ተብሎ የሚሰጥ ነገር የለም። የማኅበሩ ገንዘብ ለዚያ አይወጣም።

ስለ ጊዜውም እንናገር። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ያበቃል። የሚመጣው ዓመት በጀት የሚዘጋጀው ደግሞ ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ነው። ጎርፉ ሲመጣ ሰኔ ላይ ብንጮህ ገንዘቡ ተደልድሎ አልቋል። ስለዚህ መዋጮው በመስከረምና በጥቅምት ይሰብሰብ፤ ማመልከቻው እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ይግባ።

ድጋፉ በእርግጥ ይገኛል ብለን ቃል አንገባም። እንዲህ ተዘጋጅቶም የሚከለከል አለ። ቢከለከል እንኳ ልኬቱ፣ ገንዘቡና ቃለ ጉባኤው በእጃችን ስላሉ ለሚቀጥለው ዓመት ከባዶ አንነሣም፤ ለሌላ ረጂ ድርጅትም እናቀርበዋለን።

አሁን ሦስት ነገር በእጅ ማውጣት እንድትወስኑ እንጠይቃለን፤ የመዋጮውን መጠን፣ ያነበብነውን ደንብ፣ የሒሳብ መርማሪዎቹንም ምርጫ። የሚቃወም ካለ እዚሁ ይናገር፤ ቅሬታውም በቃለ ጉባኤው ይጻፍለታል።



የማኅበሩ ጸሐፊ