ከተነቀለ በኋላስ?

አዘጋጆቹ «ስለ ሙያህ ተናገር፣ ምሳ ግን እንዳታስረፍድብን» ብለውኛል። ምሳው ላይ ቁርጥ እንዳለ ስለሰማሁ፣ ስለ ጥርስ ማውራቱ ቦታው ነው።

እዚህ ስንማር ጥርስ መንቀልን ጥሩ አድርገን ተምረናል። በሥራ የመጀመሪያ ዓመቴ አንዲት ልብስ ነጋዴ እናት የላይ የፊት ጥርሳቸው ተሰብሮ መጡ። ነቀልኩላቸው፣ ጥጥ አስነከስኳቸው፣ ሸኘኋቸው። በቃ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለሌላ ጥርስ ሲመጡ፣ በሳቁ ቁጥር አፋቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ። «መተካት እንደሚቻል ያኔ ለምን አልነገርከኝም ልጄ?» አሉኝ። ምን ልበል?

ጥያቄው የዋዛ አልነበረም። ጥርስ ሲነቀል ይዞት የነበረው አጥንት መሟሸሽ ይጀምራል፤ በመጀመሪያው ዓመት ከስፋቱ ግማሽ ያህሉን ሊያጣ ይችላል፣ ከዚያም አብዛኛው የሚሄደው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። እኔ ዝም ባልኩባቸው ሁለት ዓመታት የእትዬ አጥንት ሳስቷል። ኢምፕላንት ደግሞ አጥንት ይፈልጋል። ስዊድናዊው ብሮኔማርክ ቲታኒየም ከአጥንት ጋር እንደሚዋሃድ ያስተዋለው ጥንቸል ላይ ሲመራመር ነው፤ በሰው አፍ የተከለው እ.ኤ.አ. በ1965 ነበር። ብሎኑ ከአጥንቱ ጋር እስኪዋሃድ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይጠበቃል። ለእሳቸው መጀመሪያ አጥንት መሙላት ያስፈልግ ነበር፤ ወጪውን ስነግራቸው ሳቁ፣ በነጠላቸው ተሸፍነው።

ተነቃይ ጥርስ ርካሽ ነው፣ ቶሎም ይደርሳል። ማታ ይወልቃል፣ ድዱ እየቀነሰ ሲሄድ ይላላል። (ሠርግ ቤት ከጥሬ ሥጋ ጋር ተያይዞ ሲወጣ አይቻለሁ፤ የማን እንደሆነ አልናገርም።) የተለመደው ብሪጅ የማይነቃነቅ ሆኖ ያምራል፣ ግን ግራና ቀኝ ያሉትን ጥርሶች መሞረድ ይጠይቃል። ጎረቤቶቹ ቀድሞም ተበልተው የተሞሉ ከሆኑ ግድ የለም። የእትዬ ግን እንከን የሌለባቸው ነበሩ፤ ሁለት ጤነኛ ጥርስ ለአንድ ጥርስ መሠዋት እጄ እሺ አላለኝም። ስለዚህ ከጎረቤቱ ጥርስ ጀርባ በክንፍ የሚጣበቅ ብሪጅ ሠራሁላቸው፤ መሞረዱ እምብዛም ነው። «ቢላቀቅ መልሼ አጣብቃለሁ፣ ቆሎ ግን በኋላ ጥርስ» አልኳቸው።

አለመተካትም አንዱ ምርጫ ነው፤ ይህን ደፍረን መናገር አለብን። ሆላንዳዊው ካይዘር እንዳሳየው፣ የመጨረሻዎቹ መንጋጋዎች ባይኖሩም በ20 ጥርስ ደህና አድርገው የሚበሉ ብዙ ናቸው። ክፍተቱ መሐል ላይ ሲሆን ግን ጎረቤት ጥርስ ሊጋደም፣ የላዩም ሊወርድ ይችላል።

አሁን እኔ ማደንዘዣውን ከመውጋቴ በፊት ቁጭ ብዬ እነግራለሁ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። መምህራኖቻችን፣ አንድ ልመና አለኝ። ተማሪዎቹ የሚሞሉት የመንቀያ ካርድ ላይ፣ ከፊርማው በላይ አንድ መስመር ጨምሩልን፦ «በምን ይተካል? ለታካሚው ተነግሯል?» ማሳተሚያውን የእኛ ዓመት ተመራቂዎች እንችላለን፤ ከጓደኞቼ ጋር ጠዋት ቡና ላይ ተነጋግረናል።

ወደ ቁርጡ እንሂድ።